የፍራሼ ጥጥና የክፍሉ ሳጥን

ባሌን ክፍሉን ከኋላው ብትጠሩት አይዞርም። ኩራት እንዳይመስላችሁ። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈራችን ውስጥ ኩሩ ነው ብለው ያሙት ነበሩ፤ የምድር ባቡር ደመወዝ ራሱ ላይ ወጥቶበት ነው፣ ሰላምታ ነሳን ያሉ። አፋቸው ይድረቅ ልል ብዬ ተውኩት፣ ስለማያውቁ ነው። ሰውዬው ዕድሜውን የጨረሰው በባቡር ጥገና ክፍል ነው። ጠዋት ገብቶ ማታ እስኪወጣ ብረት በብረት ሲቀጠቀጥ የሚውል ሰው፣ ጆሮው ደህና ሆኖ ይቀራል? መጀመሪያ የጠፋበት ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ነው። የወፉ፣ የማንኪያው፣ የበሩ ማጠፊያ ሲንቋቋ። ከዚያ ቀጥሎ የእኔ። የእኔ ድምፅ ቀጭን ነው፤ ምን ላድርግ፣ እንዲህ አድርጎ ፈጠረኝ።

ፊቴን እያየ ከሆነ ከከንፈሬ ላይ አንብቦ ይመልሳል። ጀርባውን ከሰጠኝ ግን አለቀ። «ክፍሉ፣ ዘይት አልቋል» ብል ዝም። «ክፍሉ፣ ቤቱ ተቃጠለ» ብል ዝም። ሄጄ ትከሻውን ይዤ ዞር ሳደርገው «እሺ የሺ» ይላል። ምኑን ነው እሺ? እሱም አያውቀው። የሰው ባል እንቢ ይላል፣ ይሟገታል፣ ይቆጣል። እኔ የሺአረግ ከእሺ ጋር ስኖር ስንት ዘመኔ። አንዳንዴ የምጣላው ሰው አጥቼ ከድስቱ ጋር እጣላለሁ።

ይሄን ሁሉ እንግዲህ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። ክፍሉ ጆሮው መድከሙን ለሰው ከሚናገር ባቡር ሥር ቢተኛ ይመርጣል። ምክንያቱም በድሬዳዋ ጊታር ከሚነኩት ሰዎች መሃል «ጆሮ ያለው» የሚባለው እሱ ነበር። ሠርግ ቤት ሲጫወቱ ድምፁ በዛ፣ አነሰ የሚለው እሱ። አምፕሊፋየር ሲገዛ ይዘውት የሚሄዱት እሱን። እና እንዴት ብሎ ይናገር?

ሚስጥሩ ሳጥኑ ውስጥ ነው። አምፕሊፋየሩን የገዛው ቡና ቤቱን ዘግቶ ወደ አገሩ ከገባ አንድ ግሪክ ነው፤ ውስጡ እንደ አምፖል የሚበሩ ቱቦዎች ያሉት፣ ለመሞቅ ጊዜ የሚወስድ፣ እንደ ባለቤቱ ቀስ ያለ ነገር። ስፒከሩ የሚቀመጥበትን ሳጥን ግን ራሱ ነው የሠራው። ከአገልግሎት የወጣ የአንደኛ ማዕረግ ፉርጎ ሲፈርስ የግድግዳውን እንጨት አለቃውን አስፈቅዶ አመጣ፤ ግቢ ውስጥ ላጠው፣ ገጠመው፣ በምድር ባቡር አረንጓዴ ቀለም ቀባው። ቁመቱ እስከ ወገቤ ነው። ቤታችን ውስጥ ከእሱ የሚበልጥ ዕቃ አልጋው ብቻ ነበር። መጀመሪያ ሳየው «ለማን ነው የሬሳ ሳጥኑ?» ብዬው ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ።

ከሥራ ሲመጣ ይታጠባል፣ በሩ ላይ ይቀመጣል፣ ይሰካዋል። ቱቦዎቹ እስኪሞቁ ሻሂ ይጠጣል። ከዚያ የታችኛውን ወፍራም ክር ሲመታው ሳጥኑ ያስተጋባል፣ ክፍሉም ሰው ይሆናል። ይስቃል፣ ያወራል፣ ስለ ዋለበት ሥራ ይነግረኛል። ወፍራሙን ድምፅ ሳጥኑ በደረቱ በኩል ያስገባለታል፤ የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል መሰለኝ። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ጊታሩን አንስቶ አገጩን እንጨቱ ላይ ያስደግፍና በአጥንቱ ይሰማዋል። እንደዚያ ሆኖ ሳየው ወደ ጓዳ እገባለሁ። ማየት አልችልም።

እሑድ እሑድ የቀን ሙቀቱ በረድ ሲል ሳጥኑን በጋሪ ጭነን የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ተሻግረን መጋላ ሰፈር እንሄዳለን፤ ሙመድ ቤት። ሙመድ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነው፤ ግቢው ውስጥ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። የጊታር ሰዎች ሁሉ ያላቸውን ይዘው የሚመጡት እዚያ ነው። ዒልሚም ይመጣል፤ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ደወሌ ይመላለሳል፣ ከእነሱ ሁሉ ጣቱ ፈጣን እሱ ነው። ሌሎችም አሉ፤ ስማቸውን ልጥራ ብል አልጨርስም። ጫታቸውን ይዘው ምንጣፉ ላይ ጋደም ይሉና ይጀምራሉ። የማን ሳጥን ይሻላል፣ የማን አምፕሊፋየር ድምፅ ያበላሻል፣ አንድ ትልቅ ስፒከር ነው ወይስ ሁለት ትንንሽ። የሰው ሚስት ቢሰድቡ እንዲህ አይጣሉም።

«አቦ፣ ያንተ ጉንፋን ይዞታል» ይላል ሙመድ ለዒልሚ።

«ያንተስ? ወላሂ፣ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲዘንብ ነው የሚመስለው» ይላል ዒልሚ።

እንዲህ እያሉ ወራት ሊኮራረፉ ሲሉ መላውን ያመጣችው የሙመድ ሚስት ፋዱማ ናት። በዛፉና በግድግዳው መሃል ገመድ ወጠረችና አንሶላ ሰቀለችበት። ሳጥኖቹ ከአንሶላው ወዲያ ይደረደራሉ። ዒልሚ ከኋላ ሆኖ በአንድ ጊታር፣ አንድ ዜማ፣ በየተራ በሁሉም ይጫወታል። ቅደም ተከተሉን እሱ ያወጣዋል፤ የሌላው ሰው ሥራ መስማት ብቻ ነው። ሲያበቃ ኩባያዎች ይቀመጣሉ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እየተባለ፤ እያንዳንዱ ሰው በወደደው ኩባያ ውስጥ የተምር ፍሬውን ይጥላል። ከዚያ አንሶላው ይነሳል። ከዚያ ወዲህ ጠቡ አልቀረም፣ ግን አጠረ።

ነገሩ የተበላሸው ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ሽር ጉድ ሲባል ነው። ድሬ በሙሉ ቀለም ትቀባለች፣ ቅስት ይሠራል፣ ሰልፍ እንለማመዳለን። የእኛ ሰፈር የበዓል ኮሚቴ ኃላፊ ጓድ ተሰማ የሚባል ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፣ መሐረቡን ይዞ ላቡን ሲጠርግ የሚውል ጭንቀታም ነው። ባለፈው ዓመት በዓል ንግግሩ መሃል ድምፅ ማጉያው ፉጨት ለቆ፣ ከላይ የመጡት ጓድ ጆሯቸውን ይዘው ከመድረክ ወረዱ። ዘንድሮ ይሄ ቢደገም የሚጠየቀው ተሰማ ነው። የሙመድን ግቢ ወሬ ሰማና አንድ እሑድ ከች አለ።

«የምትወዳደሩት ነገር አለ አሉ» አለ። «በሚቀጥለው እሑድ መጥቼ አብሬያችሁ እሰማለሁ። የተሻለው ለበዓሉ ይወሰዳል። በውሰት ነው፣ ጓዶች።»

በውሰት። ሙመድ ለአንድ ስብሰባ አግዳሚ ወንበሮቹን በውሰት ሰጥቷል፤ እስካሁን እንግዳውን ምንጣፍ ላይ የሚያስቀምጠው ለምን መሰላችሁ። ወንበሮቹ ስብሰባ ላይ ናቸው። ተሰማ ቢፈልግ እንኳ የሚመልሰው እሱ አልነበረም፤ አንዴ ከገባ ንብረት ሆኖ ይመዘገባል።

ክፍሉን አየሁት። ተሰማ ሲናገር ፊት ለፊቱ ስለነበረ ሁሉንም ሰምቷል። ፊቱ አመድ መሰለ። ሌሎቹ የሚያጡት መጫወቻ ነው። እሱ ሳጥኑ ከሄደ ጊታሩ ይሄዳል፣ ወሬው ይሄዳል፣ የቀረው ሰውነቱ ይሄዳል። ያን ዕለት ይሄን የማውቀው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ተሰማ ከወጣ በኋላ መከሩ። ሙመድ አንድ የሚጠላው ነገር ነበረው፤ ከተዘጋ ሲኒማ ቤት የወጣ ጩኸታም ድምፅ ማጉያ። ጥራት የለውም፣ ጉልበት ግን አለው። ለንግግር ደግሞ ከጉልበት ሌላ ምን ያስፈልጋል። «ይሄ ይሂድላቸው» አለ ሙመድ፤ ፋዱማ በደስታ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ተስማሙ። ለሲኒማው ማጉያ ሁሉም የተምር ፍሬውን ይጥላል። ሌላው ሰው ደግሞ የራሱን ሳጥን አበላሽቶ፣ አሳምሞ ይመጣል፤ ተሰማ ሰምቶ እንዳይጎመጅ።

ማሳመም ለዒልሚ ቀላል ነው፤ ብሎኖቹን አላልቶ መጣ። ክፍሉ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲሠቃይ ከረመ። ሽቦ ሊቆርጥ ጉጠት ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ስፒከሩን ሊቀድ ምላጭ ያወጣል፣ መልሶ በወረቀቱ ይጠቀልለዋል። የገዛ ልጁን ቆንጥጥ የተባለ ይመስላል። እሑድ ጠዋት እኔ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስመለስ መኝታ ቤቱ በጥጥ ብናኝ ነጭ ሆኗል፣ ክፍሉም ጥጥ በጥጥ ሆኖ የሳጥኑን ጀርባ ብሎን ያጠብቃል።

ፍራሼን። የሠርጌን ፍራሽ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ አክስቴ ጥጡን ገዝታልኝ፣ ስንት ቀን ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ በዘንግ ደብድቤ፣ በእጄ የሰፋሁትን። ትከሻውን ይዤ አዞርኩት።

«አንተ ሰው፣ ምን ነካህ?»

«ላፍነው ብዬ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «አፉን በጥጥ ካፈንኩት ድምፁ ይሞታል። ሲመለስ አወጣዋለሁ። ምኑም አይጎዳም።»

«እኔስ? የምተኛው ጣውላ ላይ ነው?»

«በእኔ በኩል ነው የቀደድኩት፣ የሺ።»

አየሁ። እውነቱን ነው፤ የቀደደው በራሱ በኩል ነው። የኔ ጎን እንዳለ ነው፣ የሱ ጎን እንደ ባዶ ስልቻ ወርዷል። ይሄን እያዩ መቆጣት ይከብዳል፤ ቢሆንም ተቆጣሁ። «እሺ የሺ» አለኝ። መብራት ጠፍቶ ስለነበረ ሳጥኑን ሳይሞክረው ጋሪ ላይ ጫንነው። ወደ ሐረር በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነበርና ደቻቱን በጥድፊያ ነው የተሻገርነው፤ ላይ ከዘነበ ጎርፉ አይናገርም። ባለጋሪው ደግሞ አሸዋው መሃል ቆሞ «ይሄ ዛሬ ከበደ፣ ምን ጨመራችሁበት?» ይለኛል። ትዳሬን አልኩት።

ሙመድ ግቢ መብራት መጥቷል። ተሰማ መሐረቡን ይዞ ተቀምጧል። ሰዎቹ ምንጣፉ ላይ ናቸው፤ እኔና ፋዱማ ዛፉ ሥር። ዒልሚ ከአንሶላው ወዲያ ገባ።

መጀመሪያ የራሱን ሳጥን ነካው። ብሎኑ ላልቷልና ይንገጫገጫል፤ ዜማውን ጥርስ የሌለው ሰው ያፏጨው ይመስላል። ተሰማ ፊቱን አጨማደደ። ሰዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ሁለተኛ የሲኒማው ማጉያ ሆነ። ግቢው ተናወጠ፣ የጎረቤት ውሻ ጮኸ፣ ተሰማ ግን ራሱን ነቀነቀ፤ ይበቃል፣ ይሄ ይሰማል እንደ ማለት። እኔም ተገላገልን ብዬ ሻሂዬን አነሳሁ።

ሦስተኛው ሲጀምር ሻሂዬን መልሼ አስቀመጥኩ።

እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። እኔ የሙዚቃ ሰው አይደለሁም፤ ያንን ሳጥን ግን በየማታው ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜ ትንሽ የጋን ድምፅ ነበረው፣ ባዶ ባዶ የሚል። ያን ቀን ባዶው የለም። ድምፁ ወፈረ፣ ጠለቀ፣ ተሰበሰበ። ከመሬት ውስጥ የሚመጣ ነው የመሰለኝ። ዒልሚ ራሱ ደንግጦ መሃል ላይ ሊያቆም ሲል፣ ጣቱ እንቢ ብሎት ቀጠለ። ኋላ ሙመድ ሲያስረዳኝ፣ ሳጥን ውስጥ ድምፅ እየተላተመ ይረበሻል፣ ጥጡ ያን ረብሻ ዋጠው፣ ትልቅ ሳጥን የሆነ ያህል ነው አለኝ። አፍኖ ሊገድለው የሄደው ሰውዬ አሳምሮት ቁጭ አለ።

ክፍሉን ፈለግኩት። መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጓል። አይኑ ሞልቷል። ሳይፈስ እዚያው ሞልቶ ቆሟል።

ከዚያ የሌሎቹ የታመሙ ሳጥኖች በየተራ አቃሰቱ፣ ኩባያዎቹም ተቀመጡ። ዒልሚ ሁለተኛው ውስጥ ጣለ። ሙመድ ሁለተኛው ውስጥ ጣለ። ሌሎቹም እየተነሱ፣ አይናቸውን ከሦስተኛው ኩባያ እየሰረቁ፣ ሁለተኛው ውስጥ ጣሉ። ተሰማ ግራ ገብቶት ያያቸዋል፤ የሰማው ሌላ፣ የሚያየው ሌላ። የመጨረሻው ክፍሉ ነው። ተነሳና ወደ ኩባያዎቹ ሄደ። ሙመድ ከኋላው አሳለ። «ሁለት» አለ በለሆሳስ። ማን ይስማው። እኔም «ክፍሉ» አልኩ፤ ጀርባው ነው ወደ እኔ።

የተምር ፍሬውን ሦስተኛው ውስጥ ጣለው። ጣለውና አልተመለሰም፣ ወደ ሰዎቹ ዞረ።

«ሦስተኛው ነው» አለ። «ሌላው ድምፅ አይደለም። ድምፅ ማለት ይሄ ነው።»

ተሰማ ተነሳ። «እኔም ልቤ እዚያው ነበር» አለ፣ ከጭንቅ እንደወጣ ሰው። «ጆሮ ያለው አንተ ነህ ሲሉ ሰምቻለሁ።» አንሶላው ተገለጠ። ሳጥኑም አምፕሊፋየሩም በኮሚቴው መኪና ተጭነው ሄዱ።

ባዶውን ጋሪ ይዘን ተመለስን። መንገድ ላይ አፌን ብከፍት ኖሮ ቁጣዬ ለከዚራ ሁሉ ይተርፍ ነበር። ቤት ስንደርስ ፊቱን በሁለት እጄ ይዤ «ለምን?» አልኩት።

«የታችኛውን ክር ሰማሁት፣ የሺ» አለኝ። «እንደ ድሮ ሰማሁት። እንደ ወጣትነቴ። አፌ አመለጠኝ።»

ምን ትሉታላችሁ? ያጠራቀምኩት ቁጣ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። አንጀቴን በላው። ራት አቀረብኩለት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ረጅም ነበሩ። ከሥራ ይመጣል፣ ይታጠባል፣ በሩ ላይ ይቀመጣል። የሚሰካው ነገር የለም። አገጩን ጊታሩ ላይ ያስደግፋል። አይስቅም፣ አያወራም። የሱ ጎን ፍራሽ ስለተቦረቦረ ሲተኛ ወደዚያ ይሰምጣል፤ እኔም እየተንሸራተትኩ እላዩ ላይ አድራለሁ፣ ሁለታችንም እንቅልፍ የለንም። ሳጥኑን ናፈቅኩት ብል ታምኑኛላችሁ? እኔ፣ የሬሳ ሳጥን ያልኩት።

ዒልሚ ደግሞ መጥቶ የባሰ ነገረኝ። ኮሚቴው ሳጥኑን ባስቀመጠበት አዳራሽ ጥበቃ ላይ ያለው ሰው በሳጥኑ ስንጥቅ ነጭ ነገር ብቅ ብሎ ያያል። በድሬ አንድ ነገር ሳጥን ውስጥ ተደብቆ ከታየ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ኮንትሮባንድ ነው ብሎ ጀርባውን ይፈታዋል፣ ጥጡን እፍኝ በእፍኝ እየጎተተ ይፈትሻል። ሽቶ የለ፣ ጨርቅ የለ፣ ሲጋራ የለ። ጥጥ ብቻ። ተናዶ መልሶ ገጠመው። ጥጡንም አልጣለውም፤ ትራስ ሠራበት። የሠርጌ ፍራሽ ላይ የአዳራሽ ዘበኛ ይተኛበታል።

ክፍሉ ይሄን አልሰማም፤ እኔም አልነገርኩትም። ሲሰማ ሮጦ ሄዶ ጥጥ ይጎድለዋል ብሎ ይነግራቸዋል ብዬ ፈራሁ። ድምፅ ላይ አፉን እንደማይዝ አይቻለሁ።

በዓሉ ደረሰ። ሜዳው በሰው ሞላ፤ ባንዲራ፣ መፈክር፣ ጡሩምባ። እኔ ከሴቶች ማኅበር ጋር ፊት ለፊት ነኝ። መድረኩ ላይ አረንጓዴው ሳጥን ቆሟል፣ ማይክ ገብቶለታል። ከንግግሩ በፊት የኪነት ቡድኑ ሊጫወት ወጣ። ጊታረኛው ሲነካው ሳጥኑ «ግም፣ ግም» አለ። ባዶ በርሜል በዱላ ሲመታ ነው። ዘበኛው ጀርባውን በደንብ አላጠበቀውም መሰለኝ ይንጣጣል ደግሞ። ሰው ሳቀ። ዘፋኟ አፈረች። ተሰማ መሐረቡን አወጣ።

«ጓድ ክፍሉ» ብሎ ጠራ፤ ክፍሉ ከምድር ባቡር ሠራተኞች ጋር ቆሟል፣ አልሰማም። ሙመድ ትከሻውን ነካው። ወጣ።

ሳጥኑ ላይ መዳፉን አሳረፈ። አንዴ መታ መታ አደረገው። ገባው። ከፊቱ አየሁት፤ ባዶ መሆኑን በእጁ አወቀ። ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል እኔን ፈለገ፣ አገኘኝም። እኔ ራሴን እንኳ አልነቀነቅኩም። ጥጥ መጉደሉን ቢናገር መልሰው ይሞሉታል፣ ሳጥኑ እንደገና ንጉሥ ይሆናል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ ሳጥኑም እዚያው ይቀራል። ዝም ካለ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው የሚስቀው በገዛ እጁ በሠራው ሥራ ነው።

«ምን ነካው?» አለ ተሰማ። «ያን ቀን ድምፅ ማለት ይሄ ነው ያልከው አንተ አይደለህም?»

ማይኩ ክፍት ነበር። ክፍሉ የተናገረውን ሜዳው ሁሉ ሰማው።

«እኔ አልሰማም፣ ጓድ ተሰማ» አለ። «ጆሮዬ ከሞተ ቆየ። ያን ቀንም የመሰለኝን ነው ያልኩት። ይሄ አሮጌ ሳጥን ነው፣ እኔም አሮጌ ነኝ። የሙመድን ያምጡ።»

ሳቁ ቆመ። እኔ ከጎኔ ያለችውን ሴትዮ ክንድ ያዝኩ። ስንት ዓመት ከአለቃው የደበቀውን፣ ከጓደኞቹ የደበቀውን፣ ቤት ውስጥ እንኳ በስሙ ጠርተነው የማናውቀውን ነገር፣ ለከተማው በድምፅ ማጉያ ሰጠው። ሳጥኑን ለማዳን ውሸት ሲፈልግ ያገኘው ያ ብቻ ነበር፤ እሱም እውነት።

የሲኒማው ማጉያ መጣ፣ ንግግሩም ያለ ፉጨት አለቀ። ሰልፉ ሲበተን ተሰማ ወደ ክፍሉ ሄደና ፊቱን አስተካክሎ እያየው፣ ቃሉን ቀስ አድርጎ «ሳጥንህን ውሰድ» አለው። ቀጥሎም «አይዞህ» አለው። ሰው ነው እኮ።

ጋሪው ላይ እኔ፣ ክፍሉ፣ ሙመድ፣ ሳጥኑና አምፕሊፋየሩ ነበርን። ክፍሉ አንገቱን ደፍቷል። ሙመድ አገጩን ይዞ ቀና አደረገው።

«አቦ፣ የማናውቅ መስሎህ ነው?» አለው። «ከኋላህ ሳል ስናስል ስንት ዓመታችን። እኛ የምናየው እጅህን ነው። ሳጥኑ ጥሩ ሲሆን እጅህ ደረትህ ላይ ይወጣል። የምንገዛው ያን አይተን ነው።»

ክፍሉ ሙመድን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ሳቀ። ጋሪው ደቻቱን እስኪሻገር ሳቀ። ያ ሳቅ ልቅሶ ነበረበት፣ ምን አገባችሁ።

ቤት እንደገባን ሳጥኑን ቦታው አቆመው፣ ጀርባውን ፈታ፣ ባዶውን አየና ተቀመጠ። ጥጥ ስጪኝ ለማለት ፊቱም የለው። እኔ መኝታ ቤት ገባሁ። መቀሱን አነሳሁ። ፍራሹን በእኔ በኩል ከላይ እስከ ታች ተረተርኩትና ጥጡን በነጠላዬ አቅፌ አመጣሁለት። እጁ አልንቀሳቀስ ሲለው ራሴ ሞላሁት፣ ጥግ ጥጉን እየጠቀጠቅኩ። ዘበኛ እንዳያየው ስንጥቁንም ደፈንኩት።

የኮሚቴው ማይክ በችኮላ ከአምፕሊፋየሩ ሳይነቀል አብሮን መጥቶ ነበር። ክፍሉ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ግንባሩን ሳጥኑ ላይ ሊያስደግፍ ምንም ሳይቀረው፣ የጀርባውን ብሎን ያጠብቃል። ቱቦዎቹ ቀይ ሆነዋል። ማይኩን አነሳሁ። ምን እንደምል አላውቅም፤ እንደዚያ ባለ ሰዓት ሰው ምን ይላል። አፌ የለመደውን አልኩ።

«ክፍሉ፣ ዘይት አልቋል።»

የእኔ ድምፅ ነው ብዬ አላመንኩም፤ ወፍራም ሆኖ፣ ከሠርጌ ጥጥ መሃል ወጣ። ክፍሉ ብሎን መፍቻውን እንደያዘ ቀረ። አልዞረም። ሳይዞር፣ ፊቴን ሳያይ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣

«ባለፈው ሳምንት አይደል እንዴ የገዛሁት?» አለኝ። «የት አደረግሽው?»

ተሟገተኝ። እኔም ማይኩን እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩና፣ ዘይቱ የት እንደገባ አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ከዚራ በሙሉ ሰማ።